ክረምት ሳይገባ ዲሻችሁን እዩት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲጠነክር ከለገጣፎ እስከ ሰበታ፣ ከሱሉልታ እስከ ቱሉ ዲምቱ የሚሰማው ወሬ አንድ ነው፤ «ደመና ስለሆነ ቴሌቪዥን አይሠራም» ይባላል። አንዱ ጣቢያውን ይወቅሳል፣ ሌላው ያልተበላሸ ሪሲቨር ይቀይራል፣ የቀረው ደግሞ ክረምቱ እስኪወጣ ብሎ ይተወዋል። ሰው በዚህ ምክንያት በየዓመቱ ያለ አግባብ ገንዘብ ሲያወጣ ማየት ያሳዝናል። ደመና ብቻውን የዲሽ ሲግናል አያጠፋም። ኃይለኛ ዝናብ ያጠፋል፤ እሱም ቢሆን በደንብ የተተከለን ዲሽ የሚያስቸግረው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ዝናቡ ካባራ በኋላ ለሰዓታት፣ አልፎም እስከ ማግስቱ ስዕል ካልመጣ ችግሩን መፈለግ ያለብን ጣሪያችን ላይ ነው። ይህን ለመለየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ ስለዚህ አንባቢዎቻችሁ እንዲጠቀሙበት በዝርዝር እጽፋለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ዝናቡ። ወደ ቤታችን የሚመጣው የሳተላይት ሲግናል በአብዛኛው ከ10.7 እስከ 12.75 ጊጋኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ ነው። የሞገዱ ርዝመት 2.5 ሳንቲሜትር ገደማ ስለሆነ የዝናብ ጠብታ ከጉልበቱ ከፊሉን ይውጣል፣ ከፊሉን ወደ ጎን ይበትናል። የደመናና የጭጋግ ጠብታ ግን ከዚህ ሞገድ አንጻር እጅግ ደቃቅ ስለሆነች የምታደርሰው ጉዳት ከቁጥር አይገባም። ሐምሌና ነሐሴ ከሰዓት በኋላ ለጥቂት ደቂቃ የሚወርደው ዶፍ በሰዓት 50 ሚሊሜትር በሚያዘንብ ፍጥነት ሲወርድ ሲግናሉን በእያንዳንዱ ኪሎሜትር ከ2 ዲሲቤል በላይ ይቀንሰዋል፤ ዲሲቤል የሲግናል ጉልበት መጨመርና መቀነስ የሚለካበት ነው። 3 ዲሲቤል ጠፋ ማለት የሲግናሉ ጉልበት ግማሹ ሄደ ማለት ነው። በዚያ ላይ ዝናቡ ራሱ ከጠራው ሰማይ አንጻር ሞቃት አካል ስለሆነ ኤልኤንቢው (ዲሹ ፊት ላይ ቆሞ ሲግናሉን የሚቀበለው ዕቃ) የሚሰማውን ጫጫታ፣ ማለትም ሲግናሉን የሚረብሸውን የማይፈለግ ሞገድ፣ ይጨምራል። ሲግናሉ ሲቀንስ ጫጫታው ስለሚጨምር ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል።

ከፍታችን ግን ይጠቅመናል። በእኛ አካባቢ ዝናብ በውሃነት የሚገኘው ከባሕር ወለል በላይ እስከ 5 ኪሎሜትር ገደማ ድረስ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው በረዶ ሲሆን ደረቅ በረዶ ሲግናል አይውጥም ማለት ይቻላል። አዲስ አበባና ዙሪያዋ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆኑ ሲግናሉ በዝናብ ውስጥ የሚያልፈው ከላይ ወደ ታች 2.5 ኪሎሜትር ያህል ብቻ ነው። ቆላ ያለ ሰው የዚህን እጥፍ ያህል ያሳልፋል።

ቀጥሎ የሚወስነው ዲሹ የሚያይበት አቅጣጫ ነው። ኢትዮሳት የሚሠራጭበት ኤን ኤስ ኤስ 12 ሳተላይት 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ሲታይ ከአድማስ 66 ዲግሪ ከፍ ብሎ፣ ከምሥራቅ ወደ ደቡብ ትንሽ ያዘነብላል፤ በኮምፓስ 115 ዲግሪ ገደማ መሆኑ ነው። ናይልሳት 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ስለሆነ ከፍታው 37 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ወደ ምዕራብ ነው የሚታየው። ስለዚህ የኢትዮሳት ሲግናል በዝናቡ ውስጥ 2.7 ኪሎሜትር ያህል ሲያቋርጥ የናይልሳቱ 4.2 ኪሎሜትር ያቋርጣል። በአንድ ቤት ሁለት ዲሽ ካለና ዝናብ ሲመጣ ቀድሞ የሚጠፋው ናይልሳት ከሆነ ይህ የተፈጥሮ ነው፤ ማንንም መጥራት አያስፈልግም። ተቃራኒው ከሆነ፣ ማለትም ኢትዮሳቱ ቀድሞ የሚጠፋ ከሆነ፣ የኢትዮሳቱ ዲሽ አተካከል ላይ ችግር አለ ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው።

ብዙ ሰው የሚገረምበት ሌላ ነገር አለ። ግቢው ውስጥ ጠብታ ሳይወርድ ቴሌቪዥኑ ይጠፋል። ምክንያቱም ሲግናሉ በቀጥታ ከአናታችን በላይ አይመጣም። የናይልሳት ሲግናል የዝናቡን ክፍል የሚያቋርጠው ከቤታችን በስተምዕራብ እስከ 3 ኪሎሜትር ከሚደርስ ርቀት ላይ ነው፤ የኢትዮሳቱ ደግሞ በስተምሥራቅ እስከ 1 ኪሎሜትር ገደማ ድረስ። አያት ያለ ሰው በፀሐይ ተቀምጦ ናይልሳቱ ቢጠፋበት ወደ ምዕራብ ቀና ብሎ ይመልከት፤ የጠቆረ ዝናብ ያያል።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በድሮው አናሎግ ስርጭት ሲግናል ሲደክም ስዕሉ ነጠብጣብ እየበዛበት፣ እየነጣ ይታይ ነበር፤ ችግር እየመጣ መሆኑን ይነግረን ነበር። ዲጂታሉ አይነግርም። ሲግናሉ ከሚፈለገው በላይ እስካለ ድረስ ስዕሉ ጥርት እንዳለ ይቆያል፤ ከወሰኑ 1 ዲሲቤል ያህል ሲወርድ ይቆራረጣል፣ ከዚያ «ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ስለዚህ በጥር ወር በጠራ ሰማይ ጥሩ ስዕል ማየታችን ዲሹ በትክክል ተተክሏል ማለት አይደለም። ወሰኑን በጭንቅ አልፎ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ዲሽ መጠነኛ ካፊያ እንኳ ያጠፋዋል። የከተማው ዳር ሰፈሮች ላይ በችኮላ የተተከሉ ዲሾች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው፤ ዲሽ ሰሪው ስዕል ሲመጣ «ገባ!» ተብሎ ተጮሆለት፣ ብሎኑን አጥብቆ ወርዷል።

ስዕል መጣ ማለት ሥራው ተጀመረ ማለት ነው። በሪሲቨሩ ሜኑ ውስጥ ሁለት መስመሮች አሉ። አንደኛው የሲግናል ጥንካሬ ሲሆን ጫጫታንም ጨምሮ ስለሚለካ ከፍ ማለቱ ብዙ አይነግርም፤ ኬብሉና ኤልኤንቢው መገናኘታቸውን ብቻ ያሳያል። መታየት ያለበት ኳሊቲ የሚባለው፣ የሲግናሉን ጥራት የሚያሳየው ነው። በመቶኛ የሚታየው ቁጥር ከሪሲቨር ሪሲቨር ስለሚለያይ የጎረቤትን ቁጥር ከራስ ጋር ማወዳደር አይጠቅምም። የሚጠቅመው በጠራ ቀን የታየውን የራስን ቁጥር ከእነ ጣቢያው ፍሪኩዌንሲ በወረቀት ጽፎ ሪሲቨሩ ሥር መለጠፍ ነው። በሚቀጥለው ዓመት በጠራ ቀን ቁጥሩ ከወረደ አንድ ነገር ተንቀሳቅሷል ወይም ውሃ ገብቷል።

ዲሹ በትክክል መነጣጠሩን የሚያረጋግጥ ቀላል ፈተና አለ። አንድ ሰው ቴሌቪዥኑ ፊት ሆኖ ኳሊቲውን ያነባል። ሌላው የዲሹን ጠርዝ በጣቱ ቀስ ብሎ ከላይ ይገፋል፣ ከታች፣ ከግራ፣ ከቀኝም እንዲሁ፤ በእያንዳንዱ 5 ሚሊሜትር ያህል ብቻ። በአራቱም አቅጣጫ ቁጥሩ መውረድ አለበት። በአንዱ አቅጣጫ ሲገፋ ቁጥሩ ከጨመረ ዲሹ ሲግናሉ ከሁሉ የሚበልጥበት ቦታ ላይ አይደለም፤ ወደዚያ አቅጣጫ መስተካከል ይቀረዋል። ብሎን ሲጠበቅ ደግሞ ዲሹ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ሁለቱን ጎን እያፈራረቁ፣ ሩብ ዙር ሩብ ዙር እያሉ ማጥበቅና ከጠበቀ በኋላ ፈተናውን መድገም ያስፈልጋል። ለዚህ የሚያስፈልገው 10 እና 13 ቁልፍ ነው፤ በፒንሳ የተጠበቀ ብሎን የመጀመሪያው ንፋስ ሲመጣ ይላላል።

የዲሹ ስፋትም የዝናብ መጠባበቂያ ነው። ከ60 ሳንቲሜትር ወደ 90 መሄድ 3.5 ዲሲቤል ይጨምራል፤ ከ90 ወደ 120 ደግሞ 2.5። በከተማው ዙሪያ ላለ ቤት 90 ሳንቲሜትር በቂ ነው የሚል እምነት አለኝ፤ በትክክል ካልተነጣጠረ ግን 120 ገዝቶ መትከል ችግሩን ያባብሳል። ዲሹ በሰፋ ቁጥር የሚያየው ጠባብ ስለሆነ ትንሽ መንቀሳቀስ ይጎዳዋል፤ ንፋስም የበለጠ ይይዛል። በሰዓት 72 ኪሎሜትር የሚነፍስ ንፋስ በከፍታችን 90 ሳንቲሜትር ዲሽን ፊት ለፊት ሲመታው የሚገፋበት ጉልበት 15 ኪሎ ገደማ ሲሆን 120ውን ደግሞ ወደ 25 ኪሎ ይደርሳል።

ንፋስ ምን እንደሚያደርግ በደንብ እንይ። 90 ሳንቲሜትር ዲሽ ከትክክለኛው ቦታ 1 ዲግሪ ሲስት ግማሽ ጉልበቱን ያጣል። 5 ሳንቲሜትር ውፍረት ባለው ቱቦ ላይ 1 ዲግሪ መዞር ማለት ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ የማይሞላ መንሸራተት ነው፤ በዓይን አይታይም። ነገር ግን ኢትዮሳትን የሚያይ ዲሽ 66 ዲግሪ ወደ ላይ ስለሚያይ ቱቦው ላይ 1 ዲግሪ ቢዞር እውነተኛው ስህተት 0.4 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ይህን ያህል አይጎዳም። የሚጎዳው ወደ ታች መውረዱ ነው፤ እሱ ሳይቀነስ በሙሉ ይቆጠራል። ስለዚህ የኢትዮሳት ዲሽ ላይ ከሁሉ በላይ መጥበቅ ያለባቸው ከፍታውን የሚይዙት የጎን ብሎኖች ናቸው። ናይልሳቱ ዝቅ ብሎ ስለሚያይ ቱቦው ላይ መዞርም በጣም ይጎዳዋል፤ 1 ዲግሪ ሲዞር 0.8 ዲግሪ ይስታል። እሱ ላይ ቱቦውን የሚያቅፉት ብሎኖች እኩል ትኩረት ይፈልጋሉ። ካስተካከሉ በኋላ ቱቦውና ማቀፊያው ላይ በቀለም አንድ ቀጥ ያለ መስመር ማስመር ይበጃል፤ ክረምቱ ሲያልፍ መስመሩ ከተዛነፈ ምን እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል።

ቱቦው ራሱ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። በቱምቢ ወይም በውሃ ልክ በሁለት ጎን መለካት ነው። ከብሎኬት ግድግዳ ላይ በፊሸር የታሰረ ዲሽ ብሎኬቱ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ቀስ በቀስ ይላላል፤ ኮለን ወይም ቢም ላይ ማሰር፣ ካልተቻለ ደግሞ ግድግዳውን አሳልፎ ከውስጥ በላሜራ መያዝ ያስፈልጋል። ቆርቆሮ ላይ ብቻ የተተከለ ዲሽ ሰው ጣሪያው ላይ በተራመደ ቁጥር ይነቃነቃል፣ በብሎኑ ቀዳዳም ውሃ ያስገባል።

በአቃቂ፣ በገላን፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ በኩል መሬት ላይ ቱቦ ለሚተክሉ ሰዎች የተለየ ማሳሰቢያ አለኝ። አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው። በጋ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። 30 ሳንቲሜትር ተቆፍሮ በጥቂት ኮንክሪት የቆመ ቱቦ ክረምት በገባ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ያዘነብላል። ቱቦው 2 ዲግሪ ካዘነበለ ስዕል የለም፤ ዲሹ ላይ ያሉት ብሎኖች ሁሉ እንደጠበቁ ናቸው፣ ባለቤቱም ምክንያቱን አያገኘውም። መሠረቱ ቢያንስ 1 ሜትር መውረድ፣ ከተቻለም ጥቁሩን አፈር አልፎ ጠንካራው ላይ መድረስ አለበት። ከዚያ ይልቅ የቤቱ ኮለን ላይ ማሰር ይሻላል።

አሁን ስለ ውሃው። ዝናብ ካቆመ በኋላ የሚቀጥለው ችግር አብዛኛው ከዚህ ይመጣል። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ኤልኤንቢው በመያዣው ውስጥ በብዙ ይጠመዘዛል፤ ለኢትዮሳት 60 ዲግሪ ገደማ፣ ለናይልሳት ከ75 በላይ። ስለዚህ ኬብሉ የሚገባበት ኮኔክተር ወደ ታች መሆኑ ቀርቶ ወደ ጎን ይተኛል፤ በኬብሉ ላይ የሚወርደው ውሃም በቀጥታ ወደ ኮኔክተሩ ይሄዳል። ፈውሱ ቀላል ነው። ኬብሉ ከኮኔክተሩ እንደወጣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ወደ ታች ዘንበል ብሎ ከዚያ ወደ ላይ ተመልሶ ክንዱ ላይ እንዲታሰር ማድረግ ነው። ውሃው ከዝቅተኛው ቦታ ይንጠባጠባል፣ ኮኔክተሩ ጋ አይደርስም።

ኮኔክተር ሲገባ የኬብሉ የውጭ ልባስ 15 ሚሊሜትር ይላጣል፣ ከልባሱ ሥር ያለው የሽቦ መረብ ወደ ኋላ ይታጠፋል፣ ነጩ ፕላስቲክ 6 ሚሊሜትር ያህል ይቆረጥና መካከለኛው ሽቦ ከኮኔክተሩ አፍ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ብቻ ወጣ ብሎ ይቀራል። አንዲት የመረብ ክር መካከለኛውን ሽቦ ከነካች ሪሲቨሩን ልታቃጥል ትችላለች፤ በዚህ የተነሳ ኬብል ከመነካቱ በፊት ሪሲቨሩ ከሶኬት ይነቀል። ከዚያ ኮኔክተሩ በላስቲክ ይጠቀለላል። ጥቅለላው ከታች፣ ከኬብሉ በኩል ተጀምሮ ወደ ላይ መሄድ አለበት፤ የላይኛው ንብርብር በታችኛው ላይ ሲያርፍ እንደ ቆርቆሮ ክዳን ውሃውን ወደ ውጭ ያወርደዋል። ከላይ ወደ ታች የተጠቀለለ ግን ውሃውን ወደ ውስጥ ያስገባል። ተራ ናስትሮ በፀሐያችን ከአንድ በጋ በላይ አይቆይም፤ ሙጫው ይፈታል። እየተለጠጠ የሚጠቀለል ጎማ መሰል ቴፕ ከተገኘ እሱ ይመረጣል፤ ካልተገኘ ከብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ 2 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ ቆርጦ በደንብ ወጥሮ መጠቅለልና በላዩ ናስትሮ ማልበስ ይሠራል። ሲሊኮን የሚጠቀሙ ሰዎች አሉ፤ እንደ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት መዳብን ስለሚበላ ኮኔክተር ላይ አይቀባ።

የውሃ ጠርሙስ ቆርጠው ወይም ፌስታል አልብሰው ኤልኤንቢውን የሚሸፍኑም አሉ። አሳቡ መልካም ነው፣ አደራረጉ ግን ይጎዳል። ኤልኤንቢው ወደ ዲሹ የሚያይበት ፊቱ ላይ ያለ ማንኛውም ላስቲክ ሲረጥብ በላዩ የሚጋገረው ስስ ውሃ ሲግናሉን ይከለክላል፤ ፌስታል ደግሞ ከውስጥ ላብ ይይዛል። መሸፈን ካስፈለገ ጀርባውና ኮኔክተሩ ብቻ ይሸፈን፣ ከታች ክፍት ይተው። የኤልኤንቢው የፊት ክዳን ተሰንጥቆ ከሆነ ግን ውሃ ውስጡ ስለገባ አድርቆ መመለስ ለሳምንት ያህል ነው የሚረዳው፤ መቀየር ነው።

ውሃ መግባቱን ቤት ተቀምጦ ማወቅ ይቻላል። ሪሲቨሩ በኬብሉ በኩል ለኤልኤንቢው ቮልት ይልካል፤ ሞገዳቸው ቆሞ ለሚመጣው ቨርቲካል ጣቢያዎች 13፣ ተጋድሞ ለሚመጣው ሆሪዞንታል 18። ኮኔክተሩ ሲዝግ ወይም ኬብሉ ውሃ ሲይዝ መንገድ ላይ ቮልት ይጠፋል፤ 18 ተብሎ የተላከው ከ15 በታች ሆኖ ከደረሰ ኤልኤንቢው 13 መስሎት በቨርቲካል ላይ ይቀራል። ስለዚህ የሆሪዞንታል ጣቢያዎች በሙሉ ጠፍተው ቨርቲካሎቹ እየሠሩ ከሆነ ይህ በምንም መንገድ የዝናብ ሥራ አይደለም፤ ዝናብ መርጦ አያጠፋም። ኬብሉን፣ ኮኔክተሩን፣ ከዚያም የሪሲቨሩን ፓወር ማየት ነው። ከ11.7 ጊጋኸርዝ በላይ ያሉት ብቻ ከጠፉ ደግሞ ሪሲቨሩ የሚልከው የ22 ኪሎኸርዝ ምልክት አልደረሰም ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ጣሪያ ላይ ሜዳ የተተወው ዳይሴክ ስዊች (የሁለት ዲሽ ኬብል ከአንድ ሪሲቨር ጋር የሚያገናኘው) ረጥቦ ነው። ስዊች ጣሪያ ሥር ወይም ክዳን ባለው የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ይግባ።

ሌላ ምልክት፤ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ጠዋት ጠፍቶ ረፋድ 3 ወይም 4 ሰዓት ላይ ራሱ የሚመለስ ሲግናል። ሌሊቱን የወረደው ጤዛ ኮኔክተሩን አርጥቦት ፀሐይ ስታደርቀው ነው የሚመለሰው። ክረምቱ ያስገባው ውሃ እዚያው እንዳለ ያሳያል። ኬብሉን ሲከፍቱት መረቡ ጠቁሮ ከሆነ የሚያብረቀርቅ ክፍል እስኪገኝ ድረስ ይቆረጥ፤ ከግማሽ ሜትር በላይ ከጠቆረ ሙሉ በሙሉ ይቀየር። ጥቁር ልባስ ያለው አርጂ 6 ኬብል ከነጩ ይልቅ ፀሐያችንን ይችላል። ጣሪያ ላይ ሁለት ኬብል መቀጠል ግን ውሃ እንዲገባ በር መክፈት ነውና አይሁን።

ዛፍና ሕንፃ ላይ በአጭሩ። በሱሉልታና በሰንዳፋ በኩል ባሕር ዛፍ በዓመት ሁለት ሦስት ሜትር ስለሚያድግ ዲሹ ሲተከል ክፍት የነበረው ሰማይ ከሁለት ክረምት በኋላ ሊዘጋ ይችላል፤ የረጠበ ቅጠል ደግሞ ከደረቁ ይብሳል። 10 ሜትር የሚሆን ዛፍ ኢትዮሳትን የሚጋርደው ከዲሹ በ4.5 ሜትር ውስጥ በዚያ አቅጣጫ ካለ ነው፤ ናይልሳትን ግን በ13 ሜትር ውስጥ ካለ ይጋርዳል። በምዕራብ በኩል ጎረቤት አራት ፎቅ ቢሠራ እስከ 20 ሜትር ርቀት ድረስ ናይልሳትን ሊያሳጣ ይችላል።

ክብ የሆነውን፣ ኤልኤንቢው መሐል ላይ በሦስት እግር የቆመለትን ዲሽ ለኢትዮሳት የሚጠቀሙ ሰዎችም አሉ። ይህ ዓይነት ዲሽ 66 ዲግሪ ሲያይ ወደ ሰማይ ተንጋሎ ስለሚተኛ ታችኛው ከንፈሩ ላይ ውሃና በረዶ ያቁራል። ዝቅተኛው ቦታ ላይ 6 ሚሊሜትር ቀዳዳ መብሳት ይበቃል፤ ቀዳዳው ሲግናል አይቀንስም፣ ጠርዙን ግን ፀረ ዝገት መቀባት ነው። እንቁላል ቅርጽ ያለው የተለመደው ዲሽ ይህ ችግር የለበትም።

ዝናብም ንፋስም ሳይኖር በጠራ ፀሐይ የሚመጣ መጥፋት አለ፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ፀሐይ በሳተላይቱ ጀርባ ታልፋለች። ለአዲስ አበባና ለዙሪያዋ ይህ የሚሆነው መጋቢት 7 እና መስከረም 17፣ የመስቀል ዕለት አካባቢ ነው፤ ኢትዮሳት ላይ ረፋድ 5 ሰዓት ገደማ፣ ናይልሳት ላይ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ። ለጥቂት ተከታታይ ቀናት፣ በቀን እስከ 10 ደቂቃ ያህል ስዕሉ ሊቆራረጥ ወይም ሊጠፋ ይችላል፤ ከዚያ ራሱ ይመለሳል። በዚያ ሰዓት ዲሹን የነካ ሰው ግን ደህና የነበረውን ያበላሻል።

መብረቅ ከሁሉ የከፋው ነው፤ በበልግም በክረምትም ይመጣል። ዲሹን በቀጥታ ባይመታም እንኳ በቅርብ የወደቀ መብረቅ በኬብሉና በመብራት መስመሩ ገብቶ ሪሲቨሩንና ቴሌቪዥኑን ያቃጥላል። ነጎድጓድ ከሩቅ ሲሰማ፣ ገና ሳይቀርብ፣ ሶኬቱንም የዲሽ ኬብሉንም መንቀል ነው። ከቀረበ በኋላ ኬብል መንካት አይገባም። ዲቫይደሩን ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፤ ኬብሉ እንደተሰካ ነውና። ጣሪያው ላይ ከፍ ብሎ የቆመ የዲሽ ቱቦ ከ16 ስኩዌር ሚሊሜትር ባላነሰ የመዳብ ሽቦ ከመሬት ጋር መገናኘት አለበት። መብራት ሄዶ ሲመለስም ሪሲቨሩን ወዲያው አለማብራት፣ 5 ደቂቃ ያህል መጠበቅ ጥሩ ነው፤ ክረምት ላይ የሚበላሸው የሪሲቨር ፓወር አብዛኛው በዚህ ነው።

በተራ አንቴና ለሚያዩት ደግሞ፤ የምድር ስርጭት የሚጠቀምበት ሞገድ ግማሽ ሜትር ገደማ ርዝመት ስላለው ዝናብ አይነካውም። ክረምት ላይ ከደከመ የረጠበ ዛፍ፣ የዞረ አንቴና ወይም የዛገ ማያያዣ ይፈለግ።

በመጨረሻ ሁለት ጥያቄ አለኝ። የመጀመሪያው ለጋራ መኖሪያ ቤት ኮሚቴዎች ነው። በጀሞ፣ በየካ አባዶ፣ በኮዬ ፈጬ ብሎኮች ጣሪያ ላይ በርካታ ዲሽ ተጠጋግቶ ቆሟል፤ አንዱ ሲያስተካክል የሌላውን ይረግጣል፣ ኬብሉ ይጠላለፋል፣ ጣሪያውም ያፈሳል። ከነዋሪው በጋራ ገንዘብ ተሰብስቦ ግንቦት ላይ አንድ ጊዜ ባለሙያ ሁሉንም እንዲያይ ቢደረግ፣ ኬብሎቹ በየቤቱ ቁጥር ምልክት ቢደረግባቸው፣ በዝናብ ጊዜ ደግሞ ማንም ጣሪያ እንዳይወጣ በሩ ቢቆለፍ ጥሩ ነው። የረጠበ ቆርቆሮ ላይ ወጥቶ ለቀረ ኳስ ጨዋታ ሕይወቱን የሚያጣ ሰው መኖር የለበትም።

ሁለተኛው ለእናንተ ነው። የአየር ሁኔታ በምታወጡበት ገጽ ላይ መጋቢት መጀመሪያና መስከረም አጋማሽ ላይ ፀሐይ ከሳተላይቱ ጋር የምትገጣጠምበትን ቀንና ሰዓት፣ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ደግሞ ብሎን፣ ኮኔክተርና ኬብል እንዲታይ የሚያሳስብ አጭር ጽሑፍ ብታወጡ ለብዙ ቤት ይጠቅማል። ቀኖቹ በየዓመቱ ከአንድ ቀን በላይ ስለማይዛነፉ አንዴ ከተዘጋጀ በየዓመቱ ማውጣት ይቻላል።

ከአክብሮት ጋር፤
የዲሽና አንቴና ባለሙያ፣ ከለገጣፎ